ገጽ ሰባት ላይ ለማን አጎነበስኩ?

ቡታጅራ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ

ውድ ወንድሜ ኡበይድ፣

አሰላሙ አለይኩም። «ውድ» ብዬ መጀመሬ ለራሴም ገርሞኛል። ከሦስት ወር በፊት «ከዛሬ ወዲያ ወንድም የለኝም» ብዬ ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት እኔው ነኝ። ደውዬ ላወራህ አስቤ ነበር፤ ግን አውቅሃለሁ፣ ነገር ሲጠብብህ «እቴ፣ ኔትወርክ አስቸገረኝ» ትላለህ። ወረቀት ላይ ኔትወርክ አይቋረጥም። እኔም ወረቀት ላይ አልጮህም።

የምጽፈው ይቅርታ ልጠይቅህ ነው። ይቅርታዬ ግን ሙሉ እንዳይመስልህ። ከያዝኩብህ ጥርጣሬ ትልቁ ሰሞኑን ፈርሷል፤ አንድ ትንሽ ነገር ግን አልፈርስ ብሎኛል። እሱን መጨረሻ ላይ ታገኘዋለህ። ዘለህ ወደ እሱ እንዳትሄድ፤ መሃል ላይ የእኔ ጥፋት አለ፣ እሱን ማንበብ አለብህ።

ጋዜጣችሁ እዚህ የሚደርሰው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ግድም፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣው ሚኒባስ ነው። የዚያን ቅዳሜ ሸምሶ ሱቅ በር ላይ ከአምስት ሰዓት ጀምሬ ቆሜ ነበር። ለምክር ቤት የሚወዳደሩ ዕጩዎችን በየሳምንቱ ስታስተዋውቁ ስለነበር የቡታጅራ ተራ መድረሱን አውቃለሁ። «ገጹን የሚያዘጋጀው፣ ፎቶውን የሚያስገባው የእናቴ ልጅ ነው» ብዬ ለሸምሶ ጉራዬን ነፋሁለት። ሳልገልጠው አምስት ቅጂ ገዛሁ።

ከዚያ ገጽ ሰባትን ገለጥኩት።

በቀኝ በኩል ተፎካካሪዬ ሀብተወልድ ቆሟል። መቼም ታውቀዋለህ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚሸጠው ሀብተወልድ ከእኔ እንኳ የሚያጥር ሰው ነው። ጋዜጣው ላይ ግን ካሜራው ከእግሩ ሥር ሆኖ ወደ ላይ ስላየው የስልክ እንጨት አክሏል። ፀሐይ ግንባሩ ላይ፣ እጁ ወደ ሩቅ እየጠቆመ፣ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ሙሉ ሰው። በግራ በኩል እኔ አለሁ። እኔ ማለት ሻሽ ነኝ። አንገቴን ደፍቼ፣ ወገቤን አጥፌ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ። ከፊቴ ማን እንደቆመ አይታይም፤ ፎቶው ሻሼ ጫፍ ላይ ያበቃል። ከሥሩ «ሃሊማ ሸረፋ፣ የግል ዕጩ» ይላል።

ቤት ገብቼ ማስመሪያ አወጣሁ። አትሳቅ። ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረች ሴት ሳትለካ አታምንም። እሱ ቁመቱ አሥራ አራት ሴንቲ ሜትር፣ እኔ ስድስት ተኩል። ስለ ሁለታችን የተጻፈውን ደግሞ መስመር በመስመር ቆጠርኩት፤ እኩል ነው፣ በአንድ መስመር እንኳ አልተበላለጥንም። ስለ ውኃው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ የተናገርኩት ሁሉ ሳይዛባ ገብቷል። ማንም ግን አላነበበውም። ከተማው ሁሉ ያየው ሥዕሉን ነው።

ሰኞ ቆጮ የምትሸጠው ሰልሚያ ገበያ መሃል ያዘችኝ።

«ሃሊሜ፣ ለማን ነው እንዲህ ያጎነበስሽው?»

«ሲመርቁኝ ነው እንጂ!» አልኳት።

«መራቂው የታል ታዲያ?»

የትኛውን ልጥራላት? በቅስቀሳው ሰሞን ከመስቃን ገጠር እስከ ከተማው ያልመረቀኝ ሽማግሌ አልነበረም፤ በየደጁ አጎንብሼ «አሚን» ስል ነው የከረምኩት። ሻሼም አንድ ነው፣ ሁልጊዜ ያው አረንጓዴ። ፎቶው የትኛው ደጅ ላይ እንደተነሳ እኔም አላወቅኩትም። እኔ ባላውቅም ከተማው አወቀልኝ። ግማሹ «አዲስ አበባ ያለ ባለሀብት ፊት ነው» አለ፣ ግማሹ «ባለሥልጣን እግር ላይ ወድቃ ነው» አለ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የአባታችን ጓደኛ ሼህ ሳላሀዲን ሳይቀሩ አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ ሙስሊም ለፈጣሪው እንጂ ለሰው አያጎነብስም። ሽማግሌ መርቆሽ ከሆነ ሽማግሌው ይምጣና ይመስክርልሽ» አሉኝ።

የሰልሚያን ችዬው ነበር። የእሳቸውን አልቻልኩትም፤ ቤት እስክደርስ በነጠላዬ ተሸፍኜ አለቀስኩ።

ከዚያ ወልቂጤ። ዕጩዎች በተጠራንበት ክርክር ላይ ስለ ንጹሕ ውኃ አሥር ደቂቃ ሙሉ ተናገርኩ። ደህና ተናግሬያለሁ፣ ለራሴ አላዳላም። ስጨርስ ከጉብሬ የመጣ ይታገሱ የሚባል ወጣት ተነስቶ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ያዘ።

«ወይዘሮ ሃሊማ፣ ምክር ቤት ከገቡም በኋላ እንዲህ ነው የሚቆሙት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሀብተወልድ ግን አልሳቀም፤ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አየ። አለመሳቁንም ጠረጠርኩት። ያላወቀ ሰው ይስቃል፣ የሚያፍረው ያወቀ ነው ብዬ።

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር ይባል የለ? ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ስንጥሬን ስለቅም መጣሁ። የመጀመሪያዋን ካሜራህን በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁልህ እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ እኔን እያነሳህ ነው የተማርከው። «እቴ፣ ወደ ቀኝ ዙሪ፣ በግራ ጉንጭሽ በኩል ነው የምታምሪው» የምትለኝ አንተ ነህ። በየት በኩል እንደማምር ከአንተ በላይ የሚያውቅ ከሌለ፣ በየት በኩል እንደማስጠላም ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም አልኩ። ቀጥሎ ያለፈው መስቀል ትዝ አለኝ። ሀብተወልድ ለሙስሊም እንግዶቹ ለብቻ አሳርዶ ሲጋብዝ አንተ ከጎኑ ተቀምጠህ ነበር። እኔም እኮ እዚያው ማዕድ ላይ ነበርኩ! እኔም እጄን ታጥቤ በልቻለሁ። የራሴን ረስቼ የአንተን ጉርሻ ቆጠርኩ። ጋዜጣው ከመውጣቱ በፊት ባለው ሐሙስ ሰባት ጊዜ ደውለህልኝ ቅስቀሳ ላይ ሆኜ አላነሳሁም ነበር፤ እሱንም በአንተው ላይ አዞርኩት። «ህሊናው ወቅሶት ሊናዘዝልኝ ነበር» አልኩ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ብዬ፣ ሚኒባሱ ጉብሬ ላይ ሰው ሊጭን ሲቆም ደወልኩልህ።

ያን ስልክ አንተም አትረሳውም።

«ያን ፎቶ የመረጥከው አንተ ነህ?»

«እቴ፣ ኔትወርክ...» ማለት ጀመርክ።

«ኡበይድ!»

«ተይው እቴ። አልፏል።»

«አንተ ነህ ወይስ አይደለህም?»

«እሱን ብቻ አትጠይቂኝ።»

አትጠይቂኝ ማለት አዎ ማለት ነው ብዬ ፈረድኩ። ሰው ሁሉ እየሰማኝ ወንድም የለኝም አልኩህ። እሱ አልበቃኝም፣ «ለአረፋም እግርህ እዚህ እንዳይደርስ» ብዬ ጨመርኩበት። እኛ አገር ለአረፋ አትምጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ከአዲስ አበባ ይሁን ከጅማ፣ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ሠራተኛው ፈቃድ ለምኖ ይገባል፤ ለአረፋ ያልገባ ወይ ሞቷል ወይ ተረግሟል። ከሁለቱ አንዱን እኔ መረጥኩልህ።

አሁን የእኔን ጥፋት አንብብ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሠርግ ነበር፤ ሀብተወልድ ተጠርቷል። ለቅስቀሳዬ ፎቶ የሚያነሳልኝ ራምዚ ሠርጉን ሊያነሳ ሄዶ ስለነበር፣ ሲመለስ ስልኩን ተቀብዬ የሀብተወልድን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። አርባ ያህል ነበሩ። ሙሽሮቹን ሲስም፣ ከሽማግሌዎች ጋር ሲጫወት፣ ሲስቅ፤ ሁሉም ደህና ፎቶ ነው። አንዱ ላይ ግን አሮጊቷ እትዬ ወለተ ሐና ሲያጎርሱት ተነስቷል። ዓይኑ ተጨፍኗል፣ አፉ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፣ የእትዬ ወለተ ሐና እጅ ጉርሻውን ይዞ ሊደርስ ነው። ሰው ሲጎርስ እንዲህ ነው የሚሆነው፤ አንተም እኔም። አውራ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ጠርዙን ትንሽ ገፋሁት። እጃቸው ጠፋ። ጥቂት ጨመርኩ፣ ጉርሻውም ጠፋ። የቀረው ዓይኑን ጨፍኖ ለባዶ አየር አፉን የከፈተ ሰው ነው።

«እትዬ ሃሊማ፣ ይሄ ደግ ነው?» አለኝ ራምዚ።

«የእኔስ ደግ ነበር?» አልኩት።

ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። አንድ ቃል አልጻፍኩበትም። ይህን የተማርኩት ከጋዜጣችሁ ነው፤ ቃሉን አስተካክለህ ብትጽፈው እንኳ ሥራውን የሚሠራው ሥዕሉ ነው። በሁለት ቀን አራት ሺህ ሰው አየው። «አገር ሊውጥ ነው» ተባለ። ጎረምሶች ሱቁ በር ላይ አፋቸውን ከፍተው ያልፉ ጀመር። እኔም ሳቅኩ፣ ኡበይድ። ከልቤ ሳቅኩ። የምነግርህ አፍሬ ነው፤ ያኔ ግን አላፈርኩም።

አሸነፍኩ፣ በሁለት መቶ አሥራ አንድ ድምፅ። ሰምተሃል መቼም፤ ጋዜጣችሁም አውጥቶታል። በዚህኛው ፎቶ ፊቴ ሙሉ ነው፣ በግራ ጉንጬም በኩል ነው። ያሸነፈ ሰው ፊት አይቆረጥም መሰለኝ። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ሀብተወልድ ሰው መሃል ሰንጥቆ መጥቶ ጨበጠኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። እጄን ሳይለቅ ድምፁን ዝቅ አደረገና «እትዬ ወለተ ሐና ሰላም ብለውሻል» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እናታችን ቤት ሄድኩ። ሦስት ወር ሙሉ በቅስቀሳ እያሳበብኩ ከደጅ ሰላም ብያት ነበር የምመለሰው፤ ቁጭ ካልኩ የአንተን ነገር እንዳወጣባት ፈርቼ ነው። ያን ቀን ግን ልጅሽ ቢሸጠኝም አሸነፍኩ ልላት ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ገና ስታየኝ እልልታዋን አቀለጠችው።

«አላልኩም? ሠራ አይደል?»

«ምኑ?»

«ምርቃቴ ነዋ!» ብላ ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ።

ከመካው ሥዕል ጎን ገጽ ሰባት ተለጥፏል። እንዳታየው ስሳቀቅ የከረምኩትን ገጽ፣ አብራት የምትኖረውን የአክስታችንን ልጅ ባሂራን ልካ አስገዝታ፣ በሊጥ ለጥፋው ሦስት ወር ሙሉ ስታየው ኖራለች።

«ይሄን ፎቶ ማን ነው የሰጣቸው?» አልኳት።

«እኔ ነኛ! ኡበይድ ደወለ። ሃሊማ ስልክ አታነሳም፣ እስከ ነገ ጠዋት ፎቶ ካልደረሰኝ ቦታሽ ባዶውን ይወጣል አለ። ባሂራ ስልኳ ላይ ያለውን ሁሉ አሳየችኝ። አንዱ ላይ ትጮሂያለሽ፣ አንዱ ላይ እጅሽን ትወነጭፊያለሽ። ሰው የምትመስዪው እዚህኛው ላይ ብቻ ነው። እዚሁ ደጄ ላይ ስመርቅሽ ያነሳችን።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ሦስት ጊዜ ‹ይሄ አይሆንም እማ› አለኝ። የእናቷን ምርቃት ያልያዘች ሴት ምን ይዛ ትወዳደራለች? ይሄን ካላወጣህ ልጄ አይደለህም አልኩት። አወጣው።»

«እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? አንቺ የምትጠይቂው ሌባ ፍለጋ ስትወጪ ብቻ ነው።»

እናታችንን ልወቅሳት አልቻልኩም። ጋዜጣ ለሚያገላብጥ የሩቅ ሰው ያጎነበሰ ሰው የተሸነፈ ሰው ነው። ለእሷ ግን ያጎነበሰ ልጅ የታደለ ልጅ ነው፤ ራስ ቀና አድርጎ ምርቃት የሚቀበል የለም። ያላትን ትልቁን ነገር ነው የላከችልህ። አንተም ደግሞ እሷ ናት ብትለኝ ኖሮ ያን ዕለት ሄጄ እንደምጮህባት አውቀህ ስድቤን ዋጥከው። በእኔና በእሷ መካከል ቆመህ ወንድም የለኝም ተባልክ። አፉ በለኝ ወንድሜ። ለአረፋ አትምጣ ያልኩትን ምላሴን አፉ በለው።

እስከዚህ ያለው ይቅርታዬ ነው። የቀረው ይኸውልህ።

ስትስቅ ስትመርቀኝ ቆየችና እናታችን ተነስታ ወደ ግድግዳው ቀረበች። ዓይኗ እንደ ድሮው አይደለም፣ ጋዜጣውን በጣቷ ዳሰሰችው። ጣቷ ሻሼ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም» አለች። «እጄ የታል? ራስሽ ላይ ነበር እኮ።»

ባሂራ ስልኳን አምጥታ ዋናውን ፎቶ አሳየችኝ። እናታችን በሩ ላይ ቆማ፣ አንድ እጇ ምርኩዟ ላይ፣ አንዱ ራሴ ላይ። እንዴት ያለ ፎቶ መሰለህ! ይህ ቢወጣ ሰልሚያ ባልጠየቀችኝ፣ ሼህ ሳላሀዲን ባላፈሩብኝ ነበር። እናታችን የላከችልህ ይህን ነው። የወጣው ግን ሌላ ነው። ፎቶውን እሷ መርጣለች፤ እጇን ግን እሷ አልቆረጠችም።

ገጽ ጠበበ፣ ማስታወቂያ ገባ፣ አለቃህ አዘዘ፣ ሌላ ሰው ነካው ትለኝ ይሆናል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ስንት እጅ እንዳለ አላውቅም። የማውቀው የራሴን አውራ ጣት ነው። እጅ ዝም ብሎ አይቆረጥም፣ ኡበይድ። የእትዬ ወለተ ሐናን እጅ ስገፋው ምን እየሠራሁ እንደነበር አውቅ ነበር። አንተን የምጠረጥርህ ክፉ ስለሆንክ አይደለም። እኔ ስላደረግኩት ነው።

ትናንት ሙሉውን የሀብተወልድን ፎቶ፣ ከነጉርሻው፣ ከነአጉራሿ እጅ፣ እዚያው ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። የቆረጥኩትም እኔ እንደሆንኩ ጻፍኩበት። እስከ ዛሬ ጠዋት ያየው ሠላሳ ሰው አይሞላም። እንግዲህ ምርጫው አልፏል፣ ማን ይየው? ዓርብ ግን በወረቀት አሳትሜ እትዬ ወለተ ሐና ቤት ይዤው እሄዳለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ፈርቻለሁ።

ለእናታችን ጥያቄ የመለስኩላትን ልንገርህ። እንዳይከፋት ብዬ «ወረቀቱ ጠቧቸው ነው እማ» አልኳት። እሷ ማንበብ አትችልም፣ ግን ሦስት ወር ሙሉ ያን ገጽ ስታይ የኖረች ሴት ናት። ጣቷን ከእኔ ፎቶ አንስታ ወደ ቀኝ ወሰደችው፣ ሀብተወልድ ላይ ደረሰች፣ ከግንባሩ ጀምራ ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደችና ጫማው ላይ አቆመችው።

«ለጫማው ቦታ ነበራቸው» አለች።

አረፋ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ከዋናው በዓል በፊት ካለው የሴቶች አረፋ ቀድመህ ድረስ፤ እናታችን ቅቤውን አንጥራ፣ ሚጥሚጣውን አስወቅጣ በየቀኑ መንገድ መንገዱን ታያለች። መልስህን በደብዳቤ አትላክልኝ፣ በስልክም አትንገረኝ። ስትመጣ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅሃለች፣ አንተም ታጎነብሳለህ፣ ያቺኑ እጇን ራስህ ላይ ታደርጋለች። ፎቶ የሚያነሳ አይኖርም። ግን ከማጎንበስህ በፊት እጇ የት እንደሄደ ንገራት። እኔ ከጎኗ ቆሜ ፊትህን አያለሁ።

የምትወድህ፣ ገና ያልለቀቀችህም
እህትህ ሃሊማ